ያልወለቀው ጫማ

ሰፈሩ «ጋሽ ታኮ» ይለዋል። ቁመቱ አጭር ነው። ገና በጎረምሳነቱ ለራሱ ጫማ ሲሰራ ታኮውን አንድ ጣት ያህል ከፍ ማድረግ ለመደ፤ ማንም የማያውቅበት መስሎት ነበር። ሰው ግን ዓይን አለው፣ ከዓይኑም የባሰ አፍ አለው። ስሙ ወጣለት፣ ወጥቶም ቀረ። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ይናደድ ነበር ይላሉ። በኋላ ሲያስበው መናደዱ አላዋጣውም፤ ራሱ ብሩሽ አንስቶ የሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም «ታኮ ጫማ ሥራ» ብሎ ጻፈና ቀልደኞቹን ሁሉ ሥራ ፈት አደረጋቸው።

ሱቁ ጠባብ ናት። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ መጠበቅ አለበት። በእግር ቅርጽ የተጠረቡ የእንጨት ፎርማዎች በግድግዳው ላይ በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ መሬቱ በቆዳ ቁርጥራጭ ተሸፍኗል፤ ጠረጴዛው ላይ ወስፌው፣ መዶሻው፣ የማስቲሽ ቆርቆሮውና እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ጋሽ ታኮ ሰውን የሚያውቀው ከእግሩ ነው። ያለቀ ሶል ገልብጦ ያይና «ይሄ ሰውዬ ወገቡን ያመዋል፣ አንድ ጎኑን ብቻ ነው የሚረግጠው» ይላል። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። የጎን ጎረቤቱ ቁልፍ ቀራጩ «አንተማ ሐኪም መሆን ነበረብህ» ሲለው ፊቱ በደስታ ይፈካል። ያ ደስታ ነው በኋላ ጉድ ያፈላው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ስለ ሴት ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ።

መኖሪያው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ አንዲት ክፍልና አንዲት ማድ ቤት። ሚስቱ ውሎዋ እዚያ ነው። ዓይኗን የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ቀስ በቀስ ወስዶባታል፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ከዚያ መሀሉን፣ በመጨረሻም መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ የምታውቅባትን ቅንጣት ብርሃን። ዓይኗ ሲሄድ ጆሮዋና አፍንጫዋ የዓይኗን ሥራ ተረከቡ። ደጅ የመጣውን ሰው ከእርምጃው ትለየዋለች፤ ዳቦው የዛሬ ይሁን የትናንት ገና ከበሩ ሳያልፍ ትናገራለች። ጋሽ ታኮ ከሷ የሚደብቀው ነገር እንደሌለ፣ ሊደብቅ ቢሞክርም እንደማይችል በየጊዜው ይቀልድ ነበር።

ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። እሱ ፊት ለፊቷ ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ይቀመጥና ቀኝ ጉልበቱን ያመቻቻል፤ እሷ እግሯን አንስታ ጉልበቱ ላይ ታሳርፋለች፤ አንዱን ካጠለቀላት በኋላ ሌላውን። ጫማዋን የሰራላት እሱ ነው፤ ለስላሳ፣ ማሰሪያ የሌለው። ለማያውቅ ሰው ቀኝና ግራው አንድ ይመስላል። ስለዚህ ምናልባት እሱ በሌለበት እንዳትቸገር ብሎ በቀኙ ውስጥ፣ ተረከዙ ጋ፣ አንዲት የክር ቋጠሮ ሰፍቶላታል። እሱ ባለበት ግን ቋጠሮዋን ፈልጋ አታውቅም።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህ በረዶ ነው» ትለዋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ እግርሽ ነው የጋለው» ይላታል።

ትዳራቸው ይሄ ነበር። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ሰው ስግብግብ ነው።

ስኳር እንዳለበት የተነገረው ሰፈሩ ውስጥ ባለው ጤና ጣቢያ ነው። ድምፀ ጎርናናዋ ነርስ ቁጭ አድርጋ መከረችው። «አባባ፣ ሻይዎን ያለ ስኳር ይጠጡ፣ ክኒኑን በሰዓቱ ይዋጡ። ማታ ማታ እግርዎን ገልብጠው ይዩት። ደረቅ ቆዳ አገኘሁ ብለው በምላጭ እንዳይነኩት። ጭረትም ብትሆን ወደ እኔ ይምጡ። የደነዘዘ እግር ዘበኛ እንደሌለው ቤት ነው፤ ሌባ ቢገባ የሚጮህ የለም።»

ጋሽ ታኮ ሰማት። እንደ ሌላው ሽማግሌ ጆሮ ዳባ ልበስ አላለም፤ ስኳሩን እርግፍ አድርጎ ተወ፣ ክኒኑን ሚስቱ «ዋጥክ?» ሳትለው ይውጥ ነበር። የእግሩ ነገር ግን ቀላል አልሆነለትም። የእግሩን መዳፍ ለማየት በሁለት እጁ ጎትቶ ጉልበቱ ላይ መስቀል ነበረበት፤ ወገቡ ደግሞ ይህን አይወድም። ሌላ ሰው ይይልህ ቢባልስ ማን አለ? ቤቱ ውስጥ ያለችው አንድ ሰው፣ እሷም ዓይን የላትም። መጀመሪያ ማታ ማታ አየ፣ ከዚያ ሲመቸው አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየና እግሩን ያየ መሰለው።

አንድ ልጅ አላቸው። ሌላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሰራል፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሁለት ክፍል ውስጥ ተፋፍጎ ይኖራል። እናቱ እጇን የፈላ ውሃ አቃጥሏት ሊጠይቃት የመጣ ጊዜ አባቱን ወደ ሱቁ ጠራው። «አባዬ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ ደህና እስከሆንክ ድረስ ምንም አልልም። አንተ ከወደቅክ ግን እማዬን እዚህ አልተዋትም። እወስዳታለሁ።»

«እኔስ?»

ልጁ ፎርማዎቹን አየ። «ያለኝ ቦታ ለአንድ ሰው ነው፣ አባዬ። ላንተ መጦሪያ እንፈልጋለን።»

ክፉ ልጅ አይደለም። ያለውን ቦታ ለክቶ ነው የተናገረው፤ ውሸትም አልጨመረበት። እውነት ግን አንዳንዴ ከስድብ ይከፋል። ጋሽ ታኮ የዚያን ዕለት አንድ ነገር ገባው፤ ከእንግዲህ መታመም አይፈቀድለትም። ሌላ ሰው ቢታመም ይተኛል፤ እሱ ቢታመም ሚስቱን ያጣል።

ከዚያ በኋላ ነው እግሩ ሥር ያ ጠንካራ ቆዳ የመጣው። ከቀኝ እግሩ አውራ ጣት በታች፣ ልክ የሰውነት ክብደት በሚያርፍበት ቦታ፣ ቆዳው ወፈረና ደረቀ። ነርሷ ያለችውን አልረሳም። ግን እሱ ዕድሜ ልኩን ቆዳ ሲያሳሳ የኖረ ሰው ነው። የጫማ አፍ ሲታጠፍ እንዳያብጥ ጠርዙን በቢላ መላጥ፣ ወረቀት እስኪመስል ማሳሳት፣ ግን አለመቅደድ፤ በዚህ ሥራ በሰፈሩ የሚወዳደረው አልነበረም። ነርሷ ምላጭ አትንካ ያለችው ምላጭ መያዝ ለማያውቅ ሰው ነው ብሎ አሰበ። ቢላውን ሳለ፣ እግሩን ጎትቶ ጉልበቱ ላይ ሰቀለ፣ መላጥ ጀመረ። ቆዳው በቀጫጭኑ እየተጠቀለለ ወደቀ። ሥራው ሲያምርለት እንደልማዱ ያፏጭ ነበር።

ቆዳ ሲያሳሳ የሚመራው የጣቱ ስሜት ነው። እዚህ ግን ጣቱ ቢሰማውም እግሩ አልተሰማውም። ደም ያየው ቁርጥራጩን ሊጠርግ ሲያጎነብስ ነው። ቁስሏ ትንሽ ናት፤ የምስር ፍሬ ታህላለች። አላመመውም። «ካላመመ ምን አለ?» አለና ጫማ ሰሪ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ወስፌ ጣታቸውን ሲወጋቸው ማስቲሽ ጠብ አድርገው፣ እፍ ብለው፣ ሥራቸውን መቀጠል ነው ልማዳቸው። መምህሩ እንዲያ ነበር ያስተማረው፤ ጣቶቹ ሁሉ እንዲያ ድነዋል። ማስቲሽ ቀባው፣ ከላዩ ስስ ቆዳ ለጠፈበት፣ ካልሲውን አጠለቀ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ጅቡ ግን በአንድ ቀን አይገባም፣ ጊዜ አለው።

ጠያቂዋ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ትልልቅ ሰዎች ጤናቸውን በቤታቸው እንዴት እንደሚጠብቁ የምታጠና ወጣት ሴት ናት፤ ሰፈሩ ስሟን ከመያዙ በፊት «ጠያቂዋ» አላትና በዚያው ቀረች። ትሁት ናት። ሱቁ ውስጥ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሻይ ሲቀርብላት ጠጣች፣ ሚስቱን «እማማ» እያለች አጫወተቻት። ከዚያ ጥያቄዋን ጀመረች።

«አባባ፣ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይወስዳሉ? ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ ወይስ በጭራሽ?»

«ሁልጊዜ።»

«ጣፋጭ ነገርስ?»

«ሚስቴ ትበቃኛለች» አለ። ሚስቱ «ኧረ በሕግ!» ብላ ሳቀች፤ ጠያቂዋም እስክሪብቶዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች።

«እግርዎን በየቀኑ ያያሉ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ዘገየ። ሚስቱ ፊቷን ወደሱ አዞረች። ልጁ ፎርማዎቹን እያየ የተናገረው ትዝ አለው። ይቺ ልጅ የምትጽፈው የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? ነርሷ ጋ ቢደርስ፣ ነርሷ ሆስፒታል ብትልከው፣ ሆስፒታሉ ቢያስተኛው፣ ለልጁ ቢደወልለት? ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየው። «ሁልጊዜ» አለ አፉን ሞልቶ። «እኔ እግር ሳላይ የዋልኩበት ቀን አለ እንዴ?»

ጠያቂዋ ከዚህ ሰውዬ ጋር ፍቅር ያዛት ማለት ይቻላል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ግማሹ ክኒኑን ለጎረቤቱ ያካፍላል፣ ግማሹ ሲያመው ብቻ ይውጣል፣ አንዱማ መድኃኒቱን መስኮት ላይ ደርድሮ ማየት ብቻ ይበቃኛል ብሏታል። ጋሽ ታኮ ግን የጠየቀችውን ሁሉ ከነምክንያቱ መለሰላት፤ እግር ለምን እንደሚደነዝዝ ራሱ አስረዳት፣ ያውም ነርሷ ካለችው አሳምሮ። ማወቁ እውነት ነበር። ጠያቂዋ የማወቅንና የማድረግን ልዩነት በትምህርት ቤት ተምራለች፤ እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚናገር ሰው ሲገጥማት ግን ረሳችው። ጫማዎን ያውልቁና ልይ ማለት ደግሞ የሥራዋ ድርሻ አልነበረም፤ ድርሻዋ መጠየቅ ነው።

ሳምንታት አለፉ። መጀመሪያ የተለወጠው የእርምጃው ድምፅ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ አረማመድህ ምን ሆነ? ቀኙን ትጎትተዋለህ።»

«አዲስ ሶል ነው። እስኪለምድ ነው።»

ቀጥሎ የመጣው ሽታው ነው። ማታ እራት ጨርሰው ተቀምጠው ሳሉ አየሩን አሸተተች። «ቤቱ ይሸታል» አለች።

«በደንብ ያልለፋ ቆዳ አምጥተውልኝ ነው። ነገ አወጣዋለሁ።»

በማግሥቱ እየተንጎዳጎደ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ቆዳ ሁሉ ወደ ሱቁ አጋዘው፤ እንድትሰማው ብሎ ዕቃውን እያንኳኳ፣ እያጉረመረመ። መስኮቱን ከፈተ፣ ወለሉን በሳሙና አጠበ። ማታ ሽታው እንዳለ ነው። እሷ ግን ስለ ሽታ ዳግመኛ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጋሽ ታኮ ያመነችው መሰለውና እፎይ አለ። እንደሱ ያለ ሞኝ ታይቶ አይታወቅም፤ ዳቦ የትናንት መሆኑን ከበር የምትለይ ሴት እኮ ናት።

ቁስሉን አሁን ያየዋል፣ በየቀኑ ያየዋል። ጠርዙ ነጥቷል፣ መሀሉ ጠቁሯል፣ ሲጫነው መግል ያወጣል። በጨው ውሃ ያጥበዋል፣ አዲስ ጨርቅ ያስርበታል፣ ከላዩ ሰፋ አድርጎ በሰራው ጫማ ይሸፍነዋል። አዎ፣ ጫማውን አሰፋው። እግሩ ሲያብጥ ጫማውን በእብጠቱ ልክ አሳምሮ ከፎርማው ጋር አስተካከለው፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁለቱ ጫማዎች እኩል እንዲመስሉ የግራውንም አስፍቶ ውስጡን ጨርቅ ሞላው። በሕይወቱ ከሰራቸው ጫማዎች ሁሉ እንደዚያ የተጨነቀበት የለም። ያን ሁሉ ብልሃት ጤና ጣቢያ ለመሄድ ቢያውለው ኖሮ ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው ባልኖረ።

አንድ ቀን ጠያቂዋ ደስ እያላት መጣች። የጥናቱ ሥራ አልቋል፤ ጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሊሰበሰቡ ነው፤ ነርሷ ስለ እግር አጠባበቅ ታስተምራለች። «አባባ፣ እርስዎ ምሳሌ ሆነው ፊት እንዲቀመጡልን መርጠንዎታል።»

«እኔ ምን ብዬ ነው ምሳሌ የምሆነው? ተይኝ ልጄ፣ ሥራ አለብኝ።»

ሚስቱ ግን እጆቿን አጨበጨበች። ስንት ጊዜ ነው ባሏ የተመረጠው? «ይሄዳል! እኔም እሄዳለሁ» አለች። እምቢ ቢል ለምን ትለዋለች። ሄደ።

አዳራሹ ሞልቷል። ከዘራ፣ ክራንች፣ ሳል፣ የላስቲክ ወንበር ጩኸት። ጋሽ ታኮን ፊት አስቀመጡት፣ ሚስቱን አጠገቡ። ጠያቂዋ አመሰገነችው፤ ቁልፍ ቀራጩ ከኋላ «ታኮ! ታኮ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ ነርሷ በዚያ ጎርናና ድምፅዋ ተነሣች። «እግር እንዴት እንደሚታይ በቃል ብነግራችሁ ትረሱታላችሁ። እስቲ አባባ፣ አንዱን ጫማዎን ያውልቁልን።»

አንዱን አለች። ጋሽ ታኮ ቃሏን ሰማ። አሁን እንዲህ ማለት ይችል ነበር፦ ሲስተር፣ ቀኙን እዪልኝ፣ ከባድ ነገር ሆኗል። ዕድሉ ከነወንበሩ፣ ከነነርሷ፣ ከነመድኃኒቱ ፊቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ፣ ወደማታየው ሰው ሁሉ ፈገግ እያለች ተቀምጣለች። እንደዚህ ደስ ብሏት ካያት ቆይቷል።

ጎንበስ አለና የግራ ጫማውን አወለቀ።

የግራ እግሩ ንጹሕ ነበር። ጥፍሩ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፣ ቆዳው ለስልሷል፣ በጣቶቹ መሀል እንኳ እርጥበት የለም። ነርሷ በእጇ ይዛ ለሰዉ እያዞረች አሳየችው። «እዩት! ራሱን የሚያውቅ ሰው እግር እንዲህ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። ሚስቱም አጨበጨበች፤ ከሁሉ በኋላ ማጨብጨብ የተወችው እሷ ናት።

ነርሷ እግሩን መሬት ላይ እያሳረፈች በቀኝ ጫማው ላይ ዓይኗን ጣል አደረገች። «ያኛውስ ደህና ነው?»

«ያው ነው። መንትያ ናቸው» አለ።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ነርሷም ሳቀችና ወደ ሌላው ትምህርቷ አለፈች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል፤ ጋሽ ታኮም ጭምር። ተረት ሲሰሙት ለሌላ ሰው የተነገረ ነው የሚመስለው።

ብዙም ሳይቆይ ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ትኩሳቱ ከጠዋት ጀምሮ ያንቀጠቅጠው ነበር፤ መዶሻው ከእጁ ሲያመልጥ ድምፁን የሰማው ቁልፍ ቀራጩ ነው። ሮጦ ገባ፣ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ሽታው መለሰው። «ኧረ አንተ! ኧረ ምን ጉድ ነው!» አለ። ከጀርባ በኩል የሚስቱ ድምፅ መጣ፣ ረጋ ያለ፣ የማይጠይቅ ድምፅ፦ «እግሩ ነው። ሆስፒታል ውሰደው።»

ቀዶ ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። «መጀመሪያ ቢመጡ ኖሮ ጣትዎን እንኳ አንነካም ነበር። ትንሽ ዘግይተው ቢመጡ ጣትዎን ብቻ ነበር የምንቆርጠው። አሁን ከጉልበት በላይ ነው።» ጋሽ ታኮ ኮርኒሱን እያየ ሰማው። «ከጉልበት በላይ» አለ ቀስ ብሎ፣ ደንበኛ ያዘዘውን ልክ እንደሚደግመው።

ጠያቂዋ ብርቱካን ይዛ መጣች። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። «አባባ፣ ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

«ጠየቅሽኝ። መለስኩልሽ።»

«ለምን እውነቱን አልነገሩኝም?»

አሰበ። እንዴት ብሎ ያስረዳታል? «አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ እግሬ ነው፣ ልጄ። እኔ የፈራሁት ስለሷ ነበር። እሱን አልጠየቅሽኝም።» ደግሞም «ጥናትሽ ላይ ምን ሆንኩ?» አላት።

«አልቋል። ተሰጥቷል» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። እዚያ ውስጥ ጋሽ ታኮ አሁንም እግሩን በየቀኑ የሚያይ፣ ምሳሌ የሚሆን፣ ሁለት እግር ያለው ሰው ነው። ብርቱካኑን አልጋው አጠገብ ትታ ሄደች። ስኳር ላለበት ሰው ብርቱካን በልክ ነው፤ እሱ ግን አንዱንም አልነካ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ልጁ መጣ። ተቆጥቶ አልመጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። መጦሪያ አግኝቷል፣ ሱቁን የሚረከብ ሰውም አግኝቷል፤ ለእናቱ ደግሞ ከልጆቹ ክፍል አንድ አልጋ አስለቅቋል። ለእናቱ ስለ አባቱ እግር ምን እንደሚላት ሲቸገር «ትንሽ ነክተውታል» ብሎ አለፈ። እሷም የት ድረስ ብላ አልጠየቀችም። በመሄጃዋ ቀን እንዲሰነባበቱ ብሎ አባቱን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቤት አመጣው። እግሩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎለታል። መኪናዋ ደጅ ቆማለች።

ሚስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ በባዶ እግሯ። ልጁ ሻንጣውን ሊያወጣ ሲወጣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሽታውን አውቄዋለሁ» አለች። «ቆዳ አለመሆኑን ያን ማታውኑ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ልጁ ሱቅ ውስጥ ያለህን ሰምቼው ነዋ! መጋረጃ እኮ ነው የሚለየን፣ ግንብ አይደለም። ብናገር ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፣ ከሄድክ ይወስደኛል ብዬ ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ሁለት ሞኝ አንድ ቤት ውስጥ።»

ጋሽ ታኮ ሊያጽናናት ፈለገ፣ ሊቆጣት ፈለገ፣ ይቅር በይኝ ሊላት ፈለገ። እሷው ቀደመችው። «በል፣ ጫማዬን አድርግልኝ። ለመጨረሻ ጊዜ አንተ አድርግልኝ።»

ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ። ጫማዎቹን ከወለሉ አነሳቸው። እሷ እንደ ሁልጊዜው ቀኝ እግሯን አነሣችና ጉልበቱን ወደምታውቅበት ቦታ ዘረጋችው። እግሯ ብርድ ልብሱን ነካ፤ ብርድ ልብሱም አብሯት ወረደ፣ ወረደ፣ ከታች የወንበሩ ብረት ላይ እስኪደርስ። እግሯን አላነሳችም።

«እስከዚህ ድረስ ነው?» አለች።

«እስከዚያ ነው።»

ልጁ ተመልሶ ሲገባ እንዲያ ሆነው አገኛቸው። ምን እንደተፈጠረ ገባው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ጫማዎቹን ከአባቱ እጅ ቀስ አድርጎ ወስዶ እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ። «እኔ አደርግልሻለሁ፣ እማዬ» አለ። አጠለቀላት፣ ደግፎም አስነሣት።

ቀኙን በግራ፣ ግራውን በቀኝ ነበር ያጠለቀላት። እሷ ገና እንደቆመች ቋጠሮዋ በግራ ተረከዟ ሥር ተሰማቻት። ጋሽ ታኮም አይቶታል፤ ዕድሜውን ሙሉ ጫማ የተዛነፈበትን ሰው ከበሩ አሳልፎ አያውቅም። ግን ከእንግዲህ የምትኖረው በዚህ ልጅ እጅ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ቀን ሊያሳፍሩት አልፈለጉም። ልጁ እጇን ይዞ መራት። እሷ እየተደናቀፈች ሄደች፣ እሱ ከወንበሩ አያት፣ ሁለቱም ዝም አሉ።